የጠረጴዛ ሚና ጨዋታ በፍሪላንስ መጻፍና ኮሚክን በራስ ማሳተም፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የጠረጴዛ ሚና ጨዋታ ማለት ጥቂት ሰዎች ጠረጴዛ ከበው፣ አንዱ የጨዋታ መሪ ሆኖ ሌሎቹ የየራሳቸውን ገጸ ባሕርይ ይዘው፣ በንግግርና በዳይስ ታሪክ የሚያስኬዱበት ጨዋታ ነው። ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ እ.ኤ.አ. በ1974 ለገበያ ከቀረበ ወዲህ ለእነዚህ ጨዋታዎች መጻፍ ራሱን የቻለ ሙያ ሆኗል። ለአሳታሚ በክፍያ እየጻፉ በጎን የራሳቸውን ኮሚክ የሚያሳትሙም አሉ። ሁለቱ ሥራዎች የተራራቁ ቢመስሉም መለኪያቸው አንድ ነው፤ ገጽ። የቃሉ ብዛት፣ የሠዓሊው ክፍያ፣ የማተሚያው ሂሳብ፣ የፖስታው ክብደት ሁሉ ከገጹ ቁጥር ይነሳል። ከታች ባሉት መልሶች ውስጥ አስቀድሞ መቁጠር የሚደጋገመው ለዚህ ነው።

ለአሳታሚ የሚጻፈው ምን ምንድን ነው?

ጀብዱ፣ የዓለም ገለጻ፣ ደንብ፣ ፍጡራንና አስማታዊ ዕቃዎች። ጀማሪ አብዛኛውን ጊዜ የሚሳሳተው ጀብዱ ላይ ነው፤ እንደ አጭር ልቦለድ ይጽፈዋል። ጀብዱ ግን ተነብቦ የሚያልቅ ታሪክ አይደለም፤ ሌላ ሰው ሥራ ላይ የሚያውለው መመሪያ ነው። አንባቢው አራት ሰው ፊት ለፊቱ ተቀምጦ የሚጠብቀው የጨዋታ መሪ ነው። ዓይኑን ገጹ ላይ ጣል አድርጎ የሚፈልገውን ወዲያው ማግኘት አለበት። ስለዚህ እያንዳንዱ ክፍል ሲገለጽ መጀመሪያ በሩ ሲከፈት የሚታየው ይጻፍ፤ ቀጥሎ ሲፈተሽ የሚገኘው፤ የቦታው የኋላ ታሪክ መጨረሻ ላይ ይምጣ። አድፍጦ የሚጠብቀው ጠላት ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ከተጠቀሰ፣ የጨዋታ መሪው እዚያ የሚደርሰው ተጫዋቾቹ ክፍሉን በርብረው ከጨረሱ በኋላ ነው።

ለተጫዋቾች ጮክ ተብሎ የሚነበበው በሳጥን የታጠረ ጽሑፍ ከሁለት ከሦስት ዓረፍተ ነገር አይለፍ። ከዚያ በላይ ሲሆን ሰሚው ልቡ ይሸፍታል። በሳጥኑ ውስጥ የሚታየውን፣ የሚሰማውንና የሚሸተውን ብቻ ይጻፉ። «ፍርሃት ወረራችሁ» ወይም «ሰይፋችሁን መዘዛችሁ» ብሎ መጻፍ የተጫዋቹን ድርሻ መንጠቅ ነው።

ክፍያው እንዴት ይሰላል?

በእንግሊዝኛው ገበያ ክፍያ የሚነገረው በቃል ሲሆን መለኪያው የአሜሪካ ሳንቲም ነው። ለአንድ ቃል 5 ሳንቲም የሚያቀርብ አለ፤ 10 እና ከዚያ በላይ የሚከፍልም አለ። ቁጥሩን ሰምተው ወዲያው እሺ አይበሉ፤ መጀመሪያ ወደ ቀን ይመንዝሩት። 12,000 ቃል ያለው ጀብዱ በ8 ሳንቲም 960 ዶላር ነው። በቀን 1,500 የሚረባ ቃል ቢጽፉ ረቂቁ 8 ቀን ይወስዳል። ዕቅድ ለማውጣት 2 ቀን፣ ለሙከራ ጨዋታ 2 ቀን፣ ከአርታኢው ለሚመጣ እርማት 3 ቀን ሲጨመር 15 ቀን ይሆናል። የቀኑ ገቢ 64 ዶላር ነው ማለት ነው። ሁለተኛ ዙር እርማት መጥቶ ሌላ 3 ቀን ቢወስድ ወደ 53 ዶላር ይወርዳል። አንድን ሥራ ለመቀበልም ሆነ ለመተው የሚያስፈልገው ቁጥር ይህ የመጨረሻው ነው።

የታዘዘውን የቃል መጠን ማክበር ከጨዋነት በላይ ነው። ሁለት አምድ ባለው በኤ4 መጠን ገጽ ላይ ሥዕል ከሌለ 800 ቃል ገደማ ይገባል፤ በኤ5 ገጽ ላይ 350 ገደማ። 12,000 ቃል ማለት ያለ ሥዕል 15 ትልቅ ገጽ፣ ሩቡን ሥዕልና ካርታ ሲይዘው 20 ገጽ ነው። አሳታሚው ወረቀቱንና ሥዕሉን ያዘዘው በዚህ ሂሳብ ነው። እርስዎ 15,000 ቃል ቢያስረክቡ ትርፉ 3,000 ቃል ብዙውን ጊዜ አይከፈልበትም፤ የሚቆርጠውም አርታኢው ስለሆነ የትኛው እንደሚቀር የሚወስነው እሱ ነው። ውሉ ላይ የተለየ ነገር ካልተጻፈ ከ10 በመቶ በላይ ወደ ላይም ወደ ታችም አይራቁ።

ውል ስፈርም የትኞቹን አንቀጾች ልመርምር?

መጀመሪያ መብቱ የማን እንደሆነ። «ለቅጥር የተሠራ ሥራ» የሚለው ሐረግ በአሜሪካ ሕግ ከባድ ትርጉም አለው፤ ሥራው ከተጻፈበት ቅጽበት ጀምሮ በሕግ ፊት ደራሲው አሳታሚው ይሆናል። በአሳታሚው ዓለም ውስጥ ለሚጻፍ ጀብዱ ይህ የተለመደና ተገቢ ነው። የራስዎን ዓለም፣ ለኮሚክ ያሰቡትን ገጸ ባሕርይ ወይም ለዓመታት ያብላሉትን ሐሳብ ግን በዚህ ዓይነት ውል አይስጡ። ስሙን እንኳ አይዋሱት። በጀብዱው ውስጥ ለአንድ ገጽ ያለፈ ገጸ ባሕርይ በኋላ በራስዎ ኮሚክ ዋና ሰው ሊሆን አይችልም።

ሁለተኛ ክፍያው የሚፈጸምበት ጊዜ። «ሲታተም ይከፈላል» ከሚል ውል ይጠንቀቁ። መጽሐፉ ሠዓሊ ሲጠብቅ፣ ማተሚያ ቤት ሲጠብቅ፣ መርከብ ሲጠብቅ ከዓመት በላይ ሊዘገይ ይችላል፤ ሊሰረዝም ይችላል። የሚሻለው አሳታሚው ጽሑፉን በተቀበለ በ30 ቀን ውስጥ የሚል ነው። «መቀበል» ምን እንደሆነም ይጻፍ፤ ካስረከቡ በኋላ በተወሰነ ቀን ውስጥ አስተያየት ካልመጣ አሳታሚው ጽሑፉን እንደተቀበለ ይቆጠራል የሚል ዓረፍተ ነገር ብዙ ጭቅጭቅ ያስቀራል። ሥራው መሃል ላይ ቢሰረዝ የሚከፈል ድርሻ ሊኖር ይገባል፤ እሱ ሲከፈልም የጽሑፉ መብት ወደ እርስዎ እንዲመለስ ይጠይቁ።

የቀሩት አጫጭር ናቸው፦ ስንት ዙር እርማት በክፍያው ውስጥ እንደተካተተ፣ ስምዎ የት ገጽ ላይ እንደሚወጣ፣ የታተመው ቅጂ ስንት እንደሚደርስዎ፣ መጽሐፉ ከወጣ በኋላ የትኛውን ክፍል ለናሙና ማሳየት እንደሚችሉ።

የሌላ ሰው የጨዋታ ሥርዓት ተጠቅሜ የራሴን መጽሐፍ መሸጥ እችላለሁ?

በፈቃዱ ውል መሠረት ከሆነ አዎ። የጨዋታ አሠራር ራሱ፣ ለምሳሌ ሃያ ጎን ያለው ዳይስ ጥሎ ቁጥር መደመር፣ በአሜሪካም ሆነ በብዙ አገሮች በቅጂ መብት አይጠበቅም። የሚጠበቀው የተጻፈበት ቃል፣ ሥዕሉና የዓለሙ ታሪክ ነው።

ለዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ አምስተኛ እትም አንዱ ግልጽ መንገድ 5.1 ተብሎ የሚታወቀው የሥርዓቱ ማጣቀሻ ሰነድ ነው፤ ይህም ሌሎች እንዲጠቀሙባቸው የተለቀቁ የጨዋታው ደንቦች ስብስብ ነው። አሳታሚው ዊዛርድስ ኦፍ ዘ ኮስት እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ ያገለገለውን ክፍት የጨዋታ ፈቃድ ሊለውጥ መሆኑ ሲሰማ ከፍተኛ ተቃውሞ ተነሳ፤ እ.ኤ.አ. በጥር 2023 መጨረሻም ሰነዱን ምንጩን የጠቀሰ ሁሉ እንዲጠቀምበት በሚፈቅደው በክሬቲቭ ኮመንስ አትሪቢውሽን 4.0 ፈቃድ ለቀቀው። ይህ ፈቃድ አይሻርም። እርስዎ የሚጠበቅብዎ በሰነዱ መጀመሪያ ላይ ያለውን የምንጭ መግለጫ ቃል በቃል መጽሐፍዎ ውስጥ ማስገባት ነው። የሚረሳው ነገር ሰነዱ ሙሉውን ጨዋታ አለመያዙ ነው። ፎርጎተን ሬልምስ የተባለው የአሳታሚው ምናባዊ ዓለም እዚያ ውስጥ አልተሰጠም፤ ቢሆልደርና ማይንድ ፍሌየር የተባሉት ፍጡራን አሃዛዊ መግለጫም የለም። የሚጽፉት ፍጡር በሰነዱ ውስጥ መኖሩን ከማስታወስ ሳይሆን ሰነዱን ከፍተው ያረጋግጡ።

በፎርጎተን ሬልምስ ውስጥ መጻፍ ከፈለጉ እ.ኤ.አ. በ2016 የተከፈተው ዲኤምስ ጊልድ የሚባል የመሸጫ ድረ ገጽ አለ። የአሳታሚውን ዓለም መጠቀም ይፈቀዳል፤ በምትኩ ለደራሲው የሚደርሰው ከሽያጩ 50 በመቶ ሲሆን ያንኑ ሥራ ወስዶ ሌላ ቦታ መሸጥ አይቻልም። ለመለማመጃና ስም ለማስተዋወቅ ጥሩ ነው። ለዘለቄታ የሚያስቡትን ዓለም ግን እዚያ አይጀምሩት።

ያላሳተምኩ ሰው የመጀመሪያውን ሥራ እንዴት ያገኛል?

ትንሽ ነገር ጨርሶ በማሳየት። 200 ገጽ ያለው ያላለቀ ዓለም ለአርታኢ ምንም አይነግረውም። አራት ገጽ ያለው፣ የታረመ፣ በወግ የተቀነባበረ፣ አንድ ምሽት የሚያጫውት ጀብዱ ግን ሁሉንም ይነግረዋል፤ መጨረስ እንደሚችሉ፣ የደንቡን አጻጻፍ እንደሚያውቁ፣ መጠን እንደሚያከብሩ። ለአርታኢ የሚላከው ደብዳቤ ከ200 ቃል አይብለጥ፦ ማን እንደሆኑ በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ የትኛውን የአሳታሚውን መስመር እንደሚያውቁ፣ የናሙናው ማስፈንጠሪያ፣ በወር ስንት ቃል ማስረከብ እንደሚችሉ። ያልተጠየቀ ሙሉ የጀብዱ ጽሑፍ አያያይዙ፤ ከሐሳብ ስርቆት ክስ ለመዳን ብለው ሳይከፍቱ የሚሰርዙ አሳታሚዎች አሉ።

የደንብ አጻጻፍ ስንል ቃላት የማይቀያየሩበትን ልማድ ነው። አንድ ጨዋታ «ጉዳት» ካለ ሁልጊዜ «ጉዳት» ነው፤ ለማሳመር ተብሎ «ቁስል» ወይም «ምት» አይባልም፤ ተጫዋቹ ሦስት የተለያዩ ደንቦች ይመስሉታልና። በሥነ ጽሑፍ ትምህርት ድግግሞሽን እንድንሸሽ ተነግሮናል፤ እዚህ ግን ድግግሞሽ ትክክለኛነት ነው።

የጻፍኩት ጀብዱ ሲጫወቱት መሃል ላይ ለምን ይቆማል?

አብዛኛውን ጊዜ መንገዱ በአንድ ዳይስ ላይ ስለተንጠለጠለ ነው። ምስጢራዊው በር የሚገኘው ተጫዋቹ 15 እና ከዚያ በላይ ሲጥል ብቻ ከሆነ፣ ሁሉም 14 ሲጥሉ ጀብዱው አለቀ ማለት ነው። መፍትሔው በሩን ያለ ዳይስ እንዲያገኙ አድርጎ፣ ዳይሱን ለሌላ ነገር ማዋል ነው፤ በጸጥታ ገቡ ወይስ ድምፅ አሰሙ፣ ቶሎ ደረሱ ወይስ ዘገዩ። ተጫዋቾች የግድ ሊደርሱበት ለሚገባ መደምደሚያ ሁሉ ቢያንስ ሦስት ፍንጭ፣ በተለያየ ቦታ ያስቀምጡ። አንዱን አያዩትም፣ ሁለተኛውን በተሳሳተ መንገድ ይተረጉሙታል፣ ሦስተኛው ያደርሳቸዋል።

ሌላው መንስኤ ጊዜ ነው። አራት ተጫዋች ያሉበት አንድ ውጊያ ከ30 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ይበላል። በአራት ሰዓት ጨዋታ ውስጥ ሦስት ውጊያ ካለ ለውይይትና ለፍለጋ የሚቀረው ጊዜ ጥቂት ነው። አምስት ውጊያ ከጻፉ መጨረሻው አይደረስበትም።

እነዚህን የሚያጋልጠው የሙከራ ጨዋታ ነው፤ ሲሆን ደግሞ እርስዎ የማይመሩት። ፋይሉን ለማያውቁት የጨዋታ መሪ ይስጡ፣ አጠገቡ ይቀመጡ፣ አፍዎን ይዝጉ። ገጽ ወደ ኋላ የገለጠበትን ቦታ ሁሉ ምልክት ያድርጉ፤ እዚያ መረጃው ያለቦታው ነው። ራስዎ ሲመሩት ያልተጻፈውን ከጭንቅላትዎ ስለሚሞሉት ጉድለቱ አይታይም።

መሣል አልችልም፤ ኮሚክ ማሳተም እችላለሁ?

ይችላሉ፤ ወጪውና ጊዜው ግን በሠዓሊው እጅ ይሆናል። በእርሳስ ነድፎ በቀለም አጥቁሮ በቀን አንድ ገጽ መጨረስ ሙሉ ጊዜውን የሰጠ ባለሙያ ፍጥነት ነው። ሌላ ሥራ ያለው ሠዓሊ በሳምንት ሁለት ገጽ ቢያደርስ 22 ገጽ 11 ሳምንት ይፈጃል፤ ከዚያ ቀለም ቅብና ፊደል መጣል (ንግግሩን በአረፋዎቹ ውስጥ ማስፈር) ይቀራል። ስለዚህ የመጀመሪያ ሥራዎ ስድስት ወይም ስምንት ገጽ የሆነ ሙሉ ታሪክ ይሁን። የአሥራ ሁለት ቅጽ ተከታታይ ብለው ከተነሱ ሠዓሊው ሁለተኛው ቅጽ ላይ ሲለይዎ በእጅዎ የሚቀረው ጅምር ብቻ ነው።

ከሠዓሊው ጋር ጓደኛሞች ብትሆኑም ውል ይጻፉ። አንድ የሙከራ ገጽ በክፍያ ያሠሩ። ከዚያ በአምስት በአምስት ገጽ ይክፈሉ፤ አንዱ ወገን ቢያቋርጥ ሁለቱም ብዙ አይጎዱም። በገጽ ክፍያ መብቱን የሚገዙ ነው ወይስ ሠዓሊው የጋራ ባለቤት ሆኖ ከገቢው ይካፈላል? ሁለቱም መንገድ ደህና ነው፤ ሳይወስኑ መጀመር ግን አይደለም። በወረቀት የተሣለው ዋናው ሥዕል የሠዓሊው ሆኖ ቢቀር ተገቢ ነው እንላለን፤ ሸጦ የሚያገኘው ገቢ አለና።

የኮሚክ ስክሪፕት እንዴት ይጻፋል?

በገጽና በፓኔል (በገጹ ላይ ባለ አንድ የሥዕል ሳጥን) ተከፍሎ። በአንድ ገጽ ከአራት እስከ ስድስት ፓኔል ይበቃል። በአንድ የንግግር አረፋ ከ25 ቃል አይለፉ፤ በገጹ በሙሉ ደግሞ 200 ገደማ ላይ ያቁሙ። ከዚያ በላይ ሲሆን ጽሑፉ የሥዕሉን ቦታ ይይዛል። ፓኔል አንድ የቆመ ቅጽበት ነው። «ተነስታ በሩን ከፍታ ትወጣለች» ብሎ የጻፈ ሰው ሦስት ፓኔል ጠይቋል፤ ሠዓሊው መምረጥ ግድ ይሆንበታል፣ የመረጠው ደግሞ እርስዎ ያሰቡት ላይሆን ይችላል። መጀመሪያ የሚናገረው ሰው በፓኔሉ በግራ በኩል እንዲቆም በስክሪፕቱ ውስጥ ይጠቁሙ፤ ከግራ ወደ ቀኝ በሚነበብ ኮሚክ ይህ ካልተጠበቀ የአረፋዎቹ ጭራ ይጠላለፋል።

መጽሐፉ ሲገለጥ ምን እንደሚሆን በጽሑፍ ሰዓት ያስቡ። ከግራ ወደ ቀኝ በሚነበብ መጽሐፍ ገጽ 1 በቀኝ ነው፤ 2 እና 3 ፊት ለፊት ይታያሉ። አስደንጋጩ ሥዕል ገጽ 3 ላይ ከሆነ አንባቢው ገጽ 2ን ሳይጀምር ዓይኑ ያየዋል። ስለዚህ ድንገተኛው ነገር ሁሉ ተገልጦ በሚገኝ ተጋማሽ ቁጥር (2፣ 4፣ 6…) ገጽ ላይ ይዋል። ሁለት ገጽ የሚሸፍን ሥዕልም ከተጋማሽ ቁጥር ገጽ መጀመር አለበት።

በስልክ ወደ ታች እየተሳበ ለሚነበብ ኮሚክ ይህ ሁሉ ይቀራል። ዌብቱን ካንቫስ በተባለው የኮሚክ መድረክ ላይ የምስሉ ስፋት 800 ፒክስል፣ የአንዱ ቁራጭ ቁመት እስከ 1,280 ፒክስል ነው። እዚያ ፋታ የሚፈጥረው በፓኔሎች መካከል የሚተው ባዶ ቦታ ነው። በኋላ በወረቀት ለማተም ካሰቡ ከመጀመሪያው በትልቅ መጠን ያሥሉ፤ 800 ፒክስል ለወረቀት በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ሲታሰብ 6.8 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው።

ማተሚያ ቤቱ ፋይሌን ለምን ይመልሰዋል?

ከገጹ ብዛት እንጀምር። መሃሉ ላይ በሽቦ የሚሰፋ መጽሐፍ የገጹ ቁጥር ለ4 መካፈል አለበት፤ አንድ ወረቀት ሲታጠፍ አራት ገጽ ይሰጣልና። 22 ገጽ ታሪክ ካለዎት 24 አድርገው ሁለቱን ለባለሙያዎች ስምና ለማስታወቂያ ይጠቀሙባቸው።

ሥዕሉ እስከ ወረቀቱ ጠርዝ የሚደርስ ከሆነ ከመቁረጫው መስመር በየጎኑ 3 ሚሊ ሜትር ተርፎ መሣል አለበት። ምላጩ በትንሹም ቢሆን ስለሚንሸራተት ትርፉ ከሌለ ነጭ ክር ጠርዙ ላይ ይታያል። በተቃራኒው አረፋና ጽሑፍ ከመቁረጫው ወደ ውስጥ ቢያንስ 6 ሚሊ ሜትር ይራቁ። የተለመደው የአሜሪካ ኮሚክ መጠን 16.8 በ26 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ባለ ቀለም ገጽ በ300 ዲፒአይ፣ ንጹሕ ጥቁር መስመር በ600 ዲፒአይ ይዘጋጅ።

ቀለሙን በሲኤምዋይኬ (ማተሚያ በሚጠቀምባቸው አራት ቀለሞች) አይተው ያጽድቁ። በስክሪን ላይ የሚያበራው ሰማያዊና አረንጓዴ በቀለም አይገኝም፤ ከታተመ በኋላ ደብዝዞ ሲወጣ ማተሚያውን መውቀስ ዋጋ የለውም። ጽሑፉ ከጥቁሩ ቀለም 100 በመቶ ብቻ ይሁን። ከአራቱም ቀለሞች የተደባለቀ ጥቁር ለፊደል ከተጠቀሙ፣ አራቱ የማተሚያ ሳህኖች በጥቂቱ ሲዛነፉ የፊደሉ ጠርዝ ቀለማም ጥላ ያወጣል። ጽሑፉ ከሥዕሉ ጋር ተጨፍልቆ ሳይሆን በቬክተር (በፒክስል ሳይሆን በመስመር በሚቀመጥ ቅርጽ) ተለይቶ ይቀመጥ፤ አንድ ፊደል ለማረም ገጹን እንደገና ከማዘጋጀት ያድናል። ደማቅ ጥቁር ሌሊት ሲሣል የአራቱ ቀለሞች ድምርም (እያንዳንዱ እስከ 100 በመቶ) ይጠበቅ፤ በትዕዛዝ የሚያትሙ አንዳንድ ድርጅቶች ከ240 በመቶ በላይ አይቀበሉም።

ከሁሉ በላይ አንድ የሙከራ ቅጂ በወረቀት ሳያዩ አይዘዙ።

ስንት ቅጂ ላሳትም?

ሊሸጡ በሚችሉት ልክ። በኦፍሴት (በሳህን በሚያትም) ማተሚያ የመነሻ ወጪው ከፍተኛ ስለሆነ የአንዱ ዋጋ የሚረክሰው በብዛት፣ በመቶዎች ወይም በሺህ ሲሆን ነው። ይህ ብዙዎችን ያታልላል፤ 1,000 አሳትመው 150 ከሸጡ የአንዱ እውነተኛ ወጪ ጠቅላላው ክፍያ ለ150 ተካፍሎ ነው። ለመጀመሪያ ሥራ ዲጂታል ማተሚያ ወይም በትዕዛዝ አንድ አንድ የሚታተምበት መንገድ ይሻላል። በአከፋፋይ በኩል የሚሸጡ ከሆነ ደግሞ እጅዎ የሚገባው አብዛኛውን ጊዜ ከሽፋን ዋጋው ከግማሽ በታች መሆኑን አስበው ዋጋ ይተምኑ።

በኪክስታርተር ገንዘብ ለማሰባሰብ ግቡን እንዴት ልወስን?

ኪክስታርተር ከደጋፊዎች ገንዘብ የሚሰበሰብበት ድረ ገጽ ነው፤ ግቡ ካልሞላ ምንም አይከፍልም። ከሞላ 5 በመቶ ይወስዳል፤ የክፍያ ማስተላለፊያው ሲጨመር ወደ 8 እስከ 10 በመቶ ይደርሳል። ሥዕል፣ ማተሚያና መላኪያ 3,000 ዶላር የሚያስወጣ ከሆነ 10 በመቶ ጨምሮ 3,300 ማለት ስሕተት ነው፤ ከ3,300 ላይ 10 በመቶ ሲቀነስ 2,970 ይቀራል። 3,000ን ለ0.9 ያካፍሉ፤ 3,334 ይሆናል። አማካይ ድጋፉ 15 ቢሆን 223 ሰው ያስፈልጋል። ያን ያህል ሰው ከየት ይመጣል? ዘመቻው ከመከፈቱ በፊት መልሱ በእጅዎ ካልሆነ ግቡን ወይም የገጹን ብዛት ይቀንሱ።

መላኪያ ብዙ ዘመቻ ያከሰረ ነገር ነው። የታሸገውን መጽሐፍ መዝነው ለየአገሩ ዋጋ ይጠይቁ፤ የሙጫ ጥራዝ ወይም ጠንካራ ሽፋን «ስጦታ» አድርገው ሲጨምሩ ክብደቱ ወደሚቀጥለው የፖስታ እርከን እንደሚሸጋገር አይርሱ። ዘመቻ መክፈት የሚችሉትም ድርጅቱ በዘረዘራቸው አገሮች የሚኖሩ ሰዎች ብቻ ናቸው፤ ይህን መጀመሪያ ይመልከቱ።

ለጀማሪ የምንመክረው ትንሽ ዚን (በራስ የሚታተም ቀጭን መጽሔት) ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 በኪክስታርተር የተጀመረው ዚን ክዌስት የተባለ ዝግጅት በኤ5 መጠን፣ በአንድ ቀለም፣ በሽቦ ለተሰፉ የሚና ጨዋታ መጽሔቶች በር ከፍቷል፤ 24 ወይም 32 ገጽ የሚጨረስ ነገር ነው።

ፒዲኤፉን የት ልሽጥ?

ድራይቭስሩአርፒጂ የተባለው የሚና ጨዋታ መሸጫ ድረ ገጽ እዚያ ብቻ ለሚሸጥ ሥራ 70 በመቶ፣ ሌላም ቦታ ለሚሸጥ 65 በመቶ ለአሳታሚው (ለእርስዎ) ይሰጣል። ኢች ዶት አይኦ የተባለው ሌላ የመሸጫ ድረ ገጽ ለራሱ የሚወስደውን ድርሻ ሻጩ እንዲወስን ይፈቅዳል፤ ካልተነካ 10 በመቶ ነው። የመጀመሪያው የሚና ጨዋታ ፈላጊዎች ስላሉበት ፍለጋ ያመጣልዎታል፤ ሁለተኛው ለሙከራ ሥራና ለአጭር ኮሚክ ይመቻል። ፋይሉ ላይ ዕልባትና የሚነካ ማውጫ ያስገቡ፤ ካርታውን ያለ ቁጥርና ያለ ምስጢራዊ በር ለተጫዋች የሚሆን አድርገው ለብቻው ያያይዙ።

ከአሜሪካ ውጭ የምኖር ከሆነ ግብር ይቆረጥብኛል?

የአሜሪካ የሽያጭ ድርጅቶች ደብሊው-8ቤን የሚባል ቅጽ ያስሞላሉ። ለሮያሊቲ (ለመብት ለሚከፈል ገንዘብ) በአገሮች መካከል የግብር ስምምነት ከሌለ መደበኛው ተቀናሽ 30 በመቶ ነው። ከአሜሪካ ውጭ ተቀምጠው ለሠሩት የጽሑፍ አገልግሎት የሚከፈል ገንዘብ ግን ከሮያሊቲ የተለየ ነው፤ ስለዚህ ደረሰኝዎ ላይ ክፍያው ለአገልግሎት ይሁን ለመብት በግልጽ ይጻፉ። የራስዎ አገር ግብር በዚህ ላይ ይጨመራል፤ ከእያንዳንዱ ክፍያ ድርሻውን ገና ሲገባ ወደ ጎን ያስቀምጡ። ገንዘቡ በምን መንገድ እንደሚደርስዎም ሥራውን ከመጫንዎ በፊት ያረጋግጡ።

ሁለቱን ሥራ እንዴት አንድ ላይ ማስኬድ ይቻላል?

የሚከፈልበት ጽሑፍ ቀነ ገደብ ስላለው የራስን ኮሚክ ሁልጊዜ ይገፋዋል። የሚረዳው በሳምንት የተቆረጠ ግማሽ ቀን ለኮሚኩ ብቻ መመደብና ስክሪፕቱን ሠዓሊው ከሚሠራበት ቢያንስ አሥር ገጽ ቀድሞ ማስቀመጥ ነው። ሠዓሊ ስክሪፕት ሲጠብቅ ከቆየ ሌላ ሥራ ይይዛል፤ ተመልሶ ለመምጣትም ወራት ይፈጅበታል። የአሳታሚ ሥራ ሲቀበሉ ደግሞ ቀነ ገደቡን ከላይ ባሰላነው መንገድ በቀን ቆጥረው፣ ሩብ ያህል ጨምረው ይንገሩ። እንደሚዘገዩ ካወቁ ቀነ ገደቡ ሳይደርስ ይጻፉለት፤ አርታኢው የገጽ ቅንብር ሠራተኛውን ቀን ሊያሸጋግር የሚችለው አስቀድሞ ሲያውቅ ነው።